ሰውአገኝ የቀረቀረው በር

ሰገነት ከመጀመሪያው ቤት የወጣችው በልጇ በሰውአገኝ ለቅሶ ምክንያት ነው። አከራይዋ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ የታመመ ባል ያስታምሙ ነበርና አንድ ጠዋት በሯ ላይ ቆመው፣ ዐይን ዐይኗን ሳያዩ፣ ለልጁ ሰፋ ያለ ግቢ ቢፈለግለት እንደሚሻል ነገሯት። ሰገነት ነገሩ ወዲያው ገባት። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት የውሃ ጀሪካንና የተማሪ ደብተር የታጨቀበት ከረጢት ነበር ያላት፤ ጓዟን ለማጓጓዝ ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። ሰውአገኝ ያኔ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። አህያ ላይ የተጫነውን አልጋ እያየ ከአንዱ ቤት እስከ ሌላው ሲስቅ ሄደ።

አዲሱ ቤት ከላሊበላ ዳር፣ ወደ አሸተን ገዳም የሚያወጣው ዳገት ሥር ነበር። የግቢው ባለቤት እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው። ያላቸው አንድ የጭቃ ቤት ነው፤ መሀሉን በግድግዳ አስከፍለው በአንዱ ወገን እሳቸው ይኖራሉ፣ በሌላው ወገን ተከራይ ያስገባሉ። ሰገነት ቤቱን ያገኘችው በትምህርት ቤቱ ዘበኛ በኩል ነው። የግቢው ባለቤት መነኩሴ መሆናቸውን ስትሰማ ከደስታ ይልቅ ፍርሃት ያዛት። ጸሎት የሚደረስበት ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ይዞ መግባት ቀላል ነገር አልመሰላትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቁርጥ አሳብ አደረገች፤ ሁለተኛ በልጅ ጩኸት ከቤት አትወጣም።

ሰውአገኝ ግን ዝም የሚል ልጅ አይደለም። የሚያውቃቸው ቃላት አራት ናቸው፤ "እማ"፣ "ውሃ"፣ "እንቢ" እና "እኔ"። የኋለኞቹን ሁለቱን ቀኑን ሙሉ ይሠራባቸዋል። ጫማ ልታደርግለት ስትል "እኔ" ይላል፤ ከዚያ ግራውን በቀኝ አግብቶ፣ አልሄድለት ሲለው መሬት ለመሬት ይንከባለላል። ሽሮ ስታቀርብለት "እንቢ" ነው። ዳቦ ቆርሳ ስትሰጠው ደግሞ የተቆረሰውን መልሳ እንድታጣብቅለት ሁለቱን ቁራሽ እያጋጠመ ያለቅሳል። ማንኪያ ሁሉ የሚገኘው ከውሃ ጀሪካኑ ውስጥ ነበር። ማንኪያውን ለማውጣት ጀሪካኑን ስትዘቀዝቅ፣ ሰልፍ ቆማ የቀዳችው ውሃ ይፈስሳል። በዚህ ሁሉ መሀል ከአፏ የማይጠፋው ቃል "ዝም በል፣ እማሆይ ይሰማሉ" የሚለው ሆነ።

ጠዋት ጠዋት አዝላው ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የምታስተምረው አንደኛ ክፍል ነው። ከሰሌዳው ሥር ጆንያ አንጥፋ ታስቀምጠዋለች፤ እሷ ፊደል ስታስቆጥር እሱ ጠመኔ ይበላል። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ አጉረምርመው ነበር፤ በኋላ አይተው እንዳላዩ ማለፍ ጀመሩ። ሌሎቹ መምህራን በዕረፍት ሰዓት ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ እሷ ልጁን ከአጥሩ ሥር ታሸናለች። ከትምህርት ቤት ወጥታ በማግስቱ እስክትመለስ ድረስ፣ ከአራት ቃል በላይ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሳትነጋገር የምትውልበት ቀን ብዙ ነበር።

ባሏ የኔሰው የግብርና ባለሙያ ነው። የተጋቡት በአገሯ በኮን ነው፤ ልጁ ሳይወለድ እሱ ወደ ቋራ ተመደበ፣ እሷ ላሊበላ ቀረች። ዝውውር ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል። ሦስቱንም ጊዜ የመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ምትክ ሲገኝ ይታያል። የኔሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። በሌላው ጊዜ ወደ ከተማ በወረደበት እሁድ፣ ከእማሆይ አጥር ማዶ ሱቅ ወዳላት ወደ አለሜ ስልክ ይደውላል። አለሜ በአጥሩ ላይ ትጣራለች፣ ሰገነት ልጁን አንጠልጥላ ትሮጣለች። ደህና ናችሁ ይላታል። ደህና ነን ትለዋለች። አባትህን አናግር ተብሎ መነጋገሪያው ከጆሮው ሲጠጋ ሰውአገኝ ገመዱን ይነክሳል። ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። አለሜ ሁልጊዜ "እንዴት ነው አባወራው?" ብላ ትጠይቃታለች፤ ሰገነትም ሁልጊዜ "በቅርብ ሊዛወር ነው" ብላ ትመልሳለች።

ስለ እማሆይ የምታውቀው ጥቂት ነበር። ከንጋት በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ፣ በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። ከኋላቸው ሆና ሰላምታ ስታቀርብላቸው ዘወር አይሉም። ፊት ለፊት ሲገናኙ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ሰገነት ይህን ዝምታ እንደ ቅያሜ ቆጠረችው።

ይህን ያረጋገጠላት ደግሞ ግድግዳው ነው። ሰውአገኝ አልጋው ላይ ቆሞ ግድግዳውን በማንኪያ መምታት ይወድ ነበር። በገቡ በሳምንታቸው፣ እንዲህ ሲመታ፣ ከወዲያኛው ወገን ድው፣ ድው፣ ድው የሚል የምርኩዝ ድምፅ መጣ። ሰገነት ደንግጣ ማንኪያውን ከእጁ ነጠቀችው፤ እማሆይ ተቆጡ አለችው፤ ሲጮህ አፉን በመዳፏ ያዘችው። በማግስቱ ግቢ ውስጥ አድፍጣ ጠብቃ፣ እጅ ነስታ፣ ልጅ ነውና ይቅር ይበሉት አለቻቸው። እማሆይ ፊቷን ትክ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሄዱ። ሰገነት አልጋውን ከግድግዳው አራቀች። ልጁ ግን ባገኘው አጋጣሚ እየሾለከ ይመታል፤ ምርኩዙም ይመልሳል። በእንዲህ ያለ ስጋት አምስት ወር ኖረች።

በዐቢይ ጾም በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሰፈሩ ሁሉ ገበያ ወርዶ ነበር። ሰገነት የተማሪዎቿን ፈተና ማረም ስላለባት ቀረች። ንፋሱ አቧራ ያነሣል፤ መስኮቱን ከውስጥ ዘግታለች። ከሰል ምድጃው ላይ ሽሮ ጥዳ፣ ያጠበችውን ልብስ ልታሰጣ ወጣች። አመዱ እንዳይቦን በሩን ገርበብ ልታደርገው ስትል ሰውአገኝ "እኔ" አለ። ለዚህ ትግል ጉልበት አልነበራትም። ዝጋው አለችው። ልጁ በሁለት እጁ ገፍቶ ዘጋው፤ ወዲያው ደግሞ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች።

የበሩ መቀርቀሪያ በሚስማር ላይ የሚዞር ወፍራም እንጨት ነው። ወደ ታች ለመጣል ቀላል ነው፤ ለማንሳት ግን አዋቂም ቢሆን በሩን ወደ ውጭ መጫን ይኖርበታል። ሰገነት እርጥቡን ልብስ ጥላ ተመለሰች። በሩን ገፋችው፤ አልተነቃነቀም። በስንጥቁ ስታይ አንድ ጣት የምታህል የቤቱ ክፍል ታየቻት፤ የምድጃው ግማሽና ጫማው የተገላበጠ ትንሽ እግር።

"ሰውአገኝ፣ የኔ ዓለም፣ እንጨቱን ወደ ላይ በለው" አለችው።

አንድ ጊዜ ሞከረ። ከዚያ "እንቢ" ብሎ ከስንጥቁ ተሰወረ።

ለመነችው። ዳቦ እሰጥሃለሁ አለችው። ስኳር አለችው። አለሜን በአጥሩ ላይ ጠራቻት፤ ሱቁ ዝግ ነው፣ አለሜም ገበያ ናት። ወደ እማሆይ በር ሮጠች። ጫማቸው ከደጃፉ አለ። እማሆይ፣ እማሆይ እያለች በሩን በጡጫዋ ደበደበች። ማንም አልመለሰላትም። ከውስጥ እንዳሉ እያወቀች፣ በዚህ ሰዓት እንኳ በራቸውን የማይከፍቱላት መሰላት። አገሯ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አሥር ሰው በደረሰላት። እናቷ እንኳ ባይደርሱ፣ የጎረቤት ከብት ጠባቂ ይደርስላት ነበር።

ወደ ስንጥቁ ተመለሰች። ሰውአገኝ አሁን ከምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። በእጁ ወረቀት ይዟል፤ የተማሪዎቿ ፈተና ነው። እሷ ጠዋት ጠዋት ከሰሉን በአሮጌ ወረቀት ስታቀጣጥል አይቷል። ወረቀቱን በድስቱና በከሰሉ መሀል ሰካው። ወረቀቱ ጠቆር አለ፣ ተጠቀለለ፣ ከዚያ ነደደ። ልጁ በአድናቆት "እማ" አለና ሁለተኛውን አነሣ።

ሰገነት በዚያ ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። ልጁ እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። ደንግጦ የያዘውን ጣለና እሪ እያለ ወደ አልጋው ሸሸ፤ እንደ ልማዱም በጀርባው ተኝቶ ግድግዳውን በሁለት እግሩ ይደልቀው ጀመር። የጣለው ወረቀት ሰሌኑ ላይ ወድቆ ይጨሳል።

የእማሆይ በር የተከፈተው ያኔ ነው። ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እየተቻኮሉ መጡ።

"ልጁ ምን ሆነ?" አሏት።

ሰገነት ቃሉ እየተደናቀፈባት ነገረቻቸው። እማሆይ ከንፈሯን ትክ ብለው ያዩ ነበር።

"ጮክ በዪ ልጄ፤ ጆሮዬ ከደነቆረ ስንት ዘመኑ።"

ሰገነት መናገሩን ትታ በሩን አሳየቻቸው፤ ጭሱንም አሳየቻቸው። እማሆይ ሁለተኛ አልጠየቁም። መጥረቢያው ከእንጨት ክምሩ ሥር ነው፣ ማጠፊያውን ነቅለሽ ጣይው፣ ልጁን ለኔ ተዪው ብለው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ሰገነት መጥረቢያውን ይዛ ስትመጣ ከውስጥ ድው፣ ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ሰማች። ለቅሶው ቀነስ አለ። ድው፣ ድው፣ ድው። ለቅሶው ቆመ። ትንሽ ዝም ሆነና ከልጇ ወገን፣ በማንኪያ ይሁን በእጁ፣ ሁለት ጊዜ ተመታ። ምርኩዙ ሁለት ጊዜ መለሰ። ከዚያ ሳቅ መጣ።

ሰገነት መጥረቢያውን እንደያዘች ለአንድ አፍታ ደርቃ ቆመች። አምስት ወር ሙሉ ቁጣ ነው ያለችው ነገር ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ነገር ግን ማሰቢያ ጊዜ አልነበረም። የመጥረቢያውን ስለት ከማጠፊያው ሥር አስገብታ ተንጠለጠለችበት። የታችኛው ሚስማር ወዲያው ወጣ፤ የላይኛው ግን እንጨቱን ሰነጠቀው እንጂ አልነቀል አለ። በትከሻዋ ገፍታ፣ በሩን ጠምዝዛ፣ በተከፈተው ክፍተት ቀሚሷን እየቀደደች ገባች። የሚጨሰውን ሰሌን ረገጠችው፤ ውሃ ደፋችበት። ምድጃውን አንጠልጥላ ግቢ አወጣችው። ሽሮው ከሰል ሆኗል።

ሰውአገኝ አልጋው ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ልታነሣው ስትነካው "እንቢ" ብሎ እጇን ገፋ፤ ጨዋታው አላለቀም ነበር። ልትመታው እጇን አነሣች። እጇ እንደተነሣ ቀረና መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የሆነው ሁሉ በአንድነት መጣባት፤ የመጀመሪያው ቤት፣ ጠመኔው፣ የተቋረጠው ስልክ፣ የተቃጠሉት ፈተናዎች።

እማሆይ መጥተው ከተሰበረው በር ደፍ ላይ ተቀመጡ። እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ ልጁ ግድግዳውን ሲመታ ድምፁን እንደማይሰሙት፣ ግን ተደግፈው ስለሚቀመጡ ጀርባቸው ላይ እንደሚያገኙት ነገሯት። የሚጠራቸው እየመሰላቸው ይመልሱለታል። ከዚያ በድንገት ዝም ይልባቸዋል።

"ምን አስቀየምኩት ይሆን እላለሁ" አሉ። "ሰው ካነጋገረኝ ብዙ ጊዜዬ ነው።"

"ዝም የማሰኘው እኔ ነኝ" አለች ሰገነት።

"ምን አልሽ?"

"እኔ ነኝ እማሆይ! የተቆጡ መስሎኝ ነው!"

እማሆይ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ። ሲስቁ ጥርስ እንደሌላቸው ያን ቀን አየች።

ከዚያ ወዲህ ነገር ተለወጠ። እማሆይ ጠዋት ጸሎት አድርሰው ወዲያው ይመለሱና ልጁን ይቀበሏታል። ሰገነት ባዶ ጀርባዋን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንድ ነገር የረሳች እየመሰላት ዘወር ዘወር ትል ነበር። የተቃጠሉትን ፈተናዎች ዳግመኛ ፈተነች። በሩን ዘበኛው መጥቶ ጠገነላት፤ መቀርቀሪያውን ልጁ ከማይደርስበት አስመቱት። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች ፀሐይ ላይ ሽንብራ እየለቀሙ ይቀመጣሉ፤ ሰውአገኝ የተለቀመውን ከእንክርዳዱ ይደባልቃል።

ሆኖም ሰገነት ያሰበችው ያህል አልቀለላትም። እማሆይን ለማናገር መጮህ ግድ ነው። ገበያው ምን ዋለ፣ ልጁ በላ ወይ፣ ዝናቡ ዘንድሮ ይቀድማል ይባላል፤ ይህ ሁሉ ተጩሆ ይነገራል። በልቧ ያለው ግን ሌላ ነው። የባሏ ድምፅ በስልክ ካልሆነ ትዝ እንደማይላት፣ አንዳንድ ቀን ልጁን ስትጠላው እንደምትውል፣ አንድ ጠዋት ከአውቶቡስ መነሻው ደርሳ፣ ልጁን እንዳዘለች፣ ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ ብዙ እንደቆመች። እንዲህ ያለ ነገር ተጩሆ አይነገርም።

ከሳምንታት በኋላ አንድ እሁድ የኔሰው ደወለ። ስለ በሩ ልትነግረው ጀምራ ነበር፤ እሱ ግን ቀድሞ የያዘው ወሬ አስቸኩሎታል። ማመልከቻው አራተኛ ጊዜም ተመልሷል፤ እስከሚመጣው ዓመት ድረስ ዝውውር የለም። ምንም አይደል አለችው። የበሩን ነገር ዋጠችው። አለሜ ስትጠይቃት የወትሮዋን መልስ ሰጥታት ወጣች።

እማሆይ ግቢው ውስጥ ልጁን ይዘው ይጠብቋት ነበር። ምን አለሽ አሏት። ደህና ነው አለች። አልሰሙም። ምን አልሽ አሏት። ደግማ ደህና ነው ልትል ነበር፤ ነገር ግን ድምፅ አውጥቶ አንድን ውሸት ሁለት ጊዜ መናገር አቃታት።

"አልተፈቀደለትም እማሆይ! አይመጣም!"

ከአጥሩ ማዶ፣ ከአለሜ ጓሮ፣ ዕቃ የሚያጥብ እጅ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ውሃው እንደገና ተንቦጫረቀ። አለሜ ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ዝውውሩ ጠይቃት አታውቅም። ለልጁ ከረሜላ ትልካለች፤ ስልክም ሲደወል መነጋገሪያውን ሰጥታት ወደ ጓሮ ትወጣለች።

የኔሰው ለፋሲካ መጣ፣ ዐሥር ቀን ፈቃድ ይዞ። ሰውአገኝ ሲያየው ከእማሆይ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገ። አባቱ በካርቶን ተጠቅልሎ የመጣ የፕላስቲክ መኪና ሰጠው፤ ልጁ መኪናውን ተቀብሎ ወደ እማሆይ ክፍል ገባና በሩን ዘጋበት። የኔሰው ሳቀ፤ ሰገነት ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲደርቅ አይታዋለች። ስለ ቋራ ሙቀት፣ ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ወባ አወራት። እሷ ስለ በሩ ነገረችው፤ እሱም በረጋ መንፈስ መቀርቀሪያውን መርምሮ፣ ደህና ተሠርቷል አለ። ልጁ በስምንተኛው ቀን ጭኑ ላይ ተቀመጠለት። በዘጠነኛው ቀን ጫማውን እንዲያደርግለት ፈቀደ። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት የኔሰው በወልድያ አውቶቡስ ሄደ፤ ሰውአገኝ እስከ ቤት መንገዱን ሙሉ ጮኸ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ አልቅሶ አልቅሶ ተኛ። ሰገነት ከእማሆይ አጠገብ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። እማሆይ ዳዊታቸውን አጠፉ። ሰገነት ዐይኗን ወደ ዳገቱ አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ አጠገቧ ላለ ሰው እንደሚነገር አድርጋ መናገር ጀመረች። ከዐሥሩ ቀን ሁለቱን ብቻ ባልና ሚስት እንደነበሩ፣ የቀረውን እንደ እንግዳና አስተናጋጅ እንዳሳለፉት። እሱ ሲሄድ እንባ እንዳልመጣላት። ልጁ ሲያለቅስ ግን እንደቀናችበት። ከአውቶቡስ መነሻው ያን ጠዋት ለምን እንደቆመችና ምን እንደመለሳት እንደማታውቅ። ሳትቸኩል፣ አንዱንም ሳታስቀር ጨረሰች።

እማሆይ ከንፈሯን ለማየት ጎንበስ አሉ።

"ምን አልሽኝ ልጄ?"

"ልጁ በላ ወይ ነው ያልኩት!"

"በልቷል" አሉ እማሆይ። "ሳይተኛ በልቷል።"